ተቀባዩም የሚከፍልበት ስልክ

መንዝ ውስጥ ከውጭ ሀገር ስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «በኢሞ ነው የምትደውዪው ወይስ በዳይሬክት?» ዳይሬክት ማለት ድሮ የምናውቀው መደበኛ መስመር ነው። ኢሞ ደግሞ በእኛ ሰፈር በኢንተርኔት ለሚደወል ስልክ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ዋትስአፕ ይሁን፣ ቴሌግራም ይሁን፣ ቫይበር ይሁን፣ ለእናቴ ሁሉም ኢሞ ነው።

መልሱ የቤቱን ውሎ ይወስናል። በዳይሬክት ከሆነ ማንም ምንም መሥራት የለበትም። ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ አለቀ። በኢሞ ከሆነ ግን ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ ማደር አለበት። ፓኬጅ መገዛት አለበት። ዳታው መከፈት አለበት። ኔትወርክ ወዳለበት መውጣት አለበት። ተች ስልክ የሚያውቅ ልጅም ከትምህርት ቤት መመለስ አለበት።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ናት። ታላቅ እህቴ ሪያድ ትሠራለች። ሦስታችንን የሚያገናኘን ይህ ስልክ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በኢንተርኔት መደወል ርካሽ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ለሚደውለው ርካሽ ነው። የሚደወልለት ሰው ምን እንደሚከፍል ግን ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

ልጅ ሳለሁ በወረዳችን ከተማ ስልክ ማነጋገር ማለት ቴሌ ቤት መሄድ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈን እንቀመጣለን። ኦፕሬተሯ ቁጥሩን ትቀበልና ትሞክራለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ከዚያ «አዲስ አበባ የጠየቃችሁ፣ ግቡ!» ብላ ትጣራለች። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብተን በሩን ዘግተን እንጮኻለን። ጩኸቱ ውጭ ላለው ሰው ሁሉ ይሰማል። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ገንዘብ እንደዘገየ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሰምቶ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ የሚደውል ዘመድ ደግሞ ቀድሞ ቀጠሮ ያሲዛል። «ነገ አራት ሰዓት ቴሌ ቤት ድረሱ» የሚል መልእክት ይመጣል። እናቴ ያን ቀን ነጠላዋን አጣፍታ በሌሊት ነው የምትነሳው።

ስልክን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ ነው። የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር ግን የተዘረጋው ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ነበር። ሞባይልም አዲስ አበባ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። እኛ ገጠር እስኪደርስ ሌላ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

እህቴ ወደ ሪያድ ስትሄድ እናቴ ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበራት። እህቴ የምትደውለው በዳይሬክት ነው። እዚያ ካርድ ትገዛለች፣ ካርዱ እስኪያልቅ ታወራለች። ደቂቃው ውድ ስለነበር ንግግሩ ሁሉ ማስታወቂያ ሆኖ ነበር። «ደህና ናችሁ? ደህና ነኝ። ብር ልኬያለሁ። ቁጥሩን ጻፉ። ለአክስቴም ስጧት። በቃ ሊዘጋብኝ ነው።» ከዚያ ጥርቅም።

የመንዝን ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል። እኛ ዘንድ ሰላምታ ራሱ ጨዋታ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ከብቱስ? በጎቹ ወለዱ? ገብሱ እንዴት ይዟል? ውርጭ አልመታውም? ዘመድ ጎረቤቱስ? እያንዳንዱ ጥያቄ ቦታ አለው። አንዱን የዘለለ ሰው እንደተቆጣ ይታሰባል። እህቴ ያን ሁሉ ዘላ በቀጥታ ወደ ብሩ ስትገባ እናቴ ስልኩን ዘግታ «ልጄ ተለወጠችብኝ» ትል ነበር። የተለወጠው የደቂቃው ዋጋ ነበር።

ኢሞ ሲመጣ መጀመሪያ የተመለሰልን ይህ ሰላምታ ነው። እህቴ ስለ በጎቹ መጠየቅ ጀመረች። የትኛዋ በግ እንደወለደች፣ ግልገሏ ምን መልክ እንዳላት ጠየቀች። እናቴም ያን ቀን ስልኩን ስትዘጋ «ዛሬ ልጄን አገኘኋት» አለች።

ሁለተኛው የተመለሰልን ነገር ድምፅ ነው። መደበኛው የስልክ መስመር የሰውን ድምፅ ሙሉውን አይወስድም። ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ሌላውን ይቆርጠዋል። ለመግባባት በቂ ነው ተብሎ የተወሰነ ልክ ነው። «ሰ» እና «ፈ» በስልክ የሚምታቱብን በዚህ ምክንያት ነው። የሚለያቸው ቀጭን ድምፅ ከተቆረጠው በኩል ይቀራል። በኢንተርኔት የሚሄደው ድምፅ ይህ ገደብ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ የወጣለትና ዛሬ ብዙ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት ኦፐስ የሚባል የድምፅ ማሸጊያ አለ። ኔትወርኩ ከፈቀደለት የሰው ጆሮ የሚሰማውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ማድረስ ይችላል። እህቴ የእናቴን ትንፋሽ ሳይቀር የሰማችው ለዚህ ነው። «እማዬ፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። በዳይሬክት ቢሆን አትሰማውም ነበር።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ብዙ ጠብ የሚነሳው ባለማወቅ ነው። በድሮው ስልክ ሁለት ሰው ሲነጋገር መስመሩ ለእነሱ ብቻ ይያዛል። ዝም ቢሉም የእነሱ ነው። በኢንተርኔት ግን የተያዘ መንገድ የለም። ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንድ ሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ 50 ቦታ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ ተጽፎበት ለብቻው ይላካል። ገብስ በብዙ አህዮች ጭኖ ገበያ እንደ መላክ ነው። አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትዘገያለች፣ አንዷ ገደል ትገባለች። ተቀባዩ ስልክ ጥቂት ይጠብቅና የደረሱትን በተራቸው ያሰልፋል። በጣም የዘገየውን አይጠብቅም፣ ይጥለዋል። በጎደለው ቦታ የቀደመውን ድምፅ ስቦ ይሞላበታል። የእናቴ ድምፅ አንዳንዴ እንደ ማሽን የሚንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው።

መዘግየቱም ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ካልፈጀ ጨዋታው እንደማይሰናከል የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመዘኛ ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች ይጋጫሉ። ሁለቱም ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ያቆማሉ። «ቀጥዪ» «አይ፣ አንቺ ቀጥዪ»። ከሪያድ መንዝ ያለው ርቀት አይደለም ችግሩ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለሱ ሪያድ ጎረቤት ናት። የሚያዘገየው የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የተጨናነቀው የኔትወርክ ማማ፣ ደካማው ሲግናል፣ ወረፋው።

ለኛ ሰላምታ ደግሞ ይህ በጣም ይከብዳል። እኛ ሰላም ስንባባል ተራ አንጠብቅም። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እንጠይቃለን፣ በአንድ ጊዜ እንመልሳለን። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲሆን ግን መተግበሪያው ገደል ማሚቶ እንዳይፈጠር ብሎ ከሁለቱ አንዱን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። እናቴና እህቴ ሰላም ሲባባሉ ሁልጊዜ የአንዷ ሰላምታ ይዋጣል። እናቴ «ስለ አባትሽ አልጠየቅሽም» ትላለች። እህቴ ጠይቃለች። መሃል ላይ ቀርቶ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው ልምጣ። በኢትዮጵያ መደበኛ ስልክ የሚከፍለው ደዋዩ ነው። የሚደወልለት ሰው ሂሳቡ ዜሮ ቢሆንም ስልኩ ይጠራል። ለድሃ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብ የሌላት እናት ስልኳን ከፍታ መጠበቅ ትችላለች። ሚስኮል አድርጋም ልጇን ማስደወል ትችላለች። በኢንተርኔት ግን ሁለቱም ይከፍላሉ። የተቀባዩም ዳታ ይቆጠራል። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ድምፅ እንኳ አይደለም። 60 ባይት ድምፅ የያዘ አንድ ቁራጭ 40 ባይት ያህል የአድራሻ ጽሑፍ ይሸከማል። ቪዲዮ ሲበራ ደግሞ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የሳምንቱ ፓኬጅ በአንድ የቪዲዮ ጥሪ ማለቁ የተለመደ ነው።

ክፍያው ብር ብቻም አይደለም። ለድምፅ ብቻ የሚሆነው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ራቅ ያለ ቦታ ይደርሳል። ለኢንተርኔት ጥሪ የሚበቃው ፈጣኑ ኔትወርክ ግን ተራራና ሸለቆ በበዛበት በመንዝ አገር እንደዚያ አይገኝም። ቤታችን ከድንጋይ የተሠራ ነው። ግድግዳው ብርድ አያስገባም፣ ኔትወርክም አያስገባም። እናቴ ኢሞ ለማነጋገር ከቤት ወጥታ ከማሳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ትቀመጣለች። በጥቅምት ንፋስ፣ በኅዳር ውርጭ። እህቴ ሥራዋን የምትጨርሰው በምሽት ስለሆነ ጥሪው በብርዱ ሰዓት ነው። ባና ተከናንባ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ገበያ ቀን ወደ ከተማ ተልኮ በሱቅ ቻርጅ ይደረጋል። ባለ ቁልፉ ስልክ አንዴ ከተሞላ ቀናት ይቆያል። ተች ስልኩ በማግስቱ ይሞታል። የድሮው የገመድ ስልክማ የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከጣቢያው ነበር። ሰፈሩ ጨለማ ቢሆን ስልኩ ይሠራል። በዚህ በኩል የድሮው ከአሁኑ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ገጠር ላለች እናቱ በኢንተርኔት የሚደውል ሰው የእናቱን ዳታ መግዛት አለበት። ችሮታ አይደለም፣ የራሱ የስልክ ሂሳብ ነው። ድሮ ለደቂቃው ይከፍል የነበረውን ወደ እሷ አሻግሮታል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለእናቴ ስልክ ፓኬጅ እገዛለሁ። የእህቴ ብር ነው፣ እኔ ነኝ የምልከው። ደግሞ ካልተነሳ አትቆጡ። «ለምን ኦፍላይን ሆንሽ?» ብለው እናታቸውን የሚቆጡ ልጆች ሰምቼ አውቃለሁ። ያዝናል። ልጁ የሚያየው ስልኩ ላይ ያለውን ምልክት ነው። ጉብታውን አያየውም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀውን ሌላ ነገር ልጥቀስ። ከዓረብ ሀገር ተደውሎ ስልኩ ላይ በ09 የሚጀምር የሀገር ውስጥ ቁጥር የሚታይበት ጊዜ አለ። እናቴ ግራ ትጋባለች። መልሳ ስትደውል ሌላ ሰው ያነሳል፣ ወይም ቁጥሩ አይሠራም። ይህም በኢንተርኔት የሚመጣ ስልክ ነው። ጥሪው በኢንተርኔት ኢትዮጵያ ይገባል። እዚህ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሲም ካርድ የተሰካበት መሣሪያ ይቀበለዋል። ከዚያ እንደ ተራ የሀገር ውስጥ ጥሪ ያስተላልፈዋል። የውጭ ጥሪ ክፍያ እንዳይከፈል የሚደረግ ነው። በሕግ ወንጀል ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ይህን የመሰለውን ነው የሚቀጣው። አዋጁ ሲወጣ ስካይፕ መጠቀም ያሳስራል የሚል ወሬ ተነዝቶ ሰው ፈርቶ ነበር። በኋላ መንግሥት የተከለከለው በዚህ መነገድ እንጂ ሰው ለራሱ መደወሉ እንዳልሆነ አስረዳ። የስካይፕ ነገር እንኳ አልቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2025 ተዘግቷል።

ልጆቻችን ባሉበት ሀገርም ሕጉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ የኢንተርኔት ጥሪን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። ከዚያ በፊት እህቴ አንድ ቀን ይሠራላታል፣ አንድ ቀን ይዘጋባታል። ዱባይ ያሉት ደግሞ በዋትስአፕ መጻጻፍ ይችላሉ፣ በድምፅ መደወል ግን አይችሉም። እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎችን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ገጠር ያለችው እናት ስልክ ላይ ለሪያዷ ልጅ አንድ፣ ለዱባይዋ ልጅ ሌላ መተግበሪያ ይጫናል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት አልተመለሰም። ኢሞ ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው የመደበኛው መስመር ዋጋ የገባን፣ እሱም ቢሆን ሲኖር። እህቴ ወደ ዳይሬክት ተመለሰች። ንግግሯም ወደ ድሮው ተመለሰ። «አላችሁ? ሁላችሁም አላችሁ? በቃ።» ሰላምታው እንደገና ጠፋ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የገመድ ኢንተርኔት ያለው ቦታ ማግኘት ይቻል ነበር። አንድ ሻይ ቤት ጥግ ይዤ እቀመጥና አንዱን ስልክ በዋይፋይ ከእህቴ ጋር አገናኛለሁ። በሌላው ስልክ ለእናቴ በተራው መስመር እደውላለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አጋድማቸዋለሁ። የአንዱ መናገሪያ ወደ ሌላው ማዳመጫ። በጣም ካጠጋኋቸው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይጀምራሉ። በጣም ካራቅኋቸው አንዱ ሌላውን አይሰማም። አንድ ስንዝር ሲሆን ይሠራል። ከሥራቸው ናፕኪን አነጥፋለሁ፣ ጠረጴዛው እንዳያስተጋባ። የእህቴ ድምፅ ከሪያድ በኢንተርኔት ይመጣል፣ በዚያች ስንዝር አየር ላይ ይሻገራል፣ በመደበኛው መስመር መንዝ ይገባል። ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ነገሩ ከገባው በኋላ ሬዲዮውን ዝቅ ያደርግልኝ ነበር። ሌሎች ሰዎችም ለእናታቸው እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ያ ሻይ ቤት በነዚያ ወራት ቴሌ ቤት ሆኖ ነበር።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝን ነገር ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። የመርዶ ነገር ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ተሄዶ ይረዳል። ሩቅ ሀገር ላለ ሰው ደግሞ እዚያው ያሉ ጓደኞቹ ተነግሯቸው ተሰብስበው ያረዱታል። እስከዚያ ቤተሰቡ ይደብቃል። በድሮው ስልክ መደበቅ ይቻል ነበር። «አባዬስ?» ሲባል «ወጣ ብሏል፣ ሰላም ብሎሻል» ይባላል። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ያልፋል።

በሰፈራችን አንዲት ልጅ ቤይሩት ሳለች አባቷ አረፉ። ልጅቷ ገና ሥራ ከጀመረች አጭር ጊዜ ነበር። ብቻዋን ናት፣ ጓደኛ አላፈራችም፣ ማን ያርዳት? ቤተሰቡ ይቆይ አለ። እሷ ግን እንደልማዷ በቪዲዮ ትደውላለች። እናትየዋ ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ቪዲዮው ቢነሳ አንድ አፍታ አይፈጅም፣ ሁሉም ይታያል። ስለዚህ «ካሜራው ተበላሽቷል» ተባለች። ቀጥሎ «ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም» ተባለች። ልጅቷም አመነች፣ መንዝ ውስጥ ኔትወርክ አስቸገረ ሲባል ማን ይጠራጠራል? እናትየዋ ድምፅዋን አስተካክላ «ደህና ነን» እያለች ታወራ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ትወድቃለች። በመጨረሻ ልጅቷ የሰማችው ከማታውቀው ሰው ነው። አንድ የሀገር ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈላት። ማንም አጠገቧ አልነበረም።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ በመርዶ ልማዳችን ላይ ያለኝ አስተያየት ጠንክሯል። ሰው ተሰብስቦ ማርዳቱ ትክክል ነው። ሐዘን ለብቻ አይሸከሙትም፣ አባቶቻችን ይህን አውቀው ነው ያቆሙት። ሳምንታት መደበቁን ግን ስልኩ አልፎታል። ዛሬ ወሬው ከሽማግሌው ይቀድማል። ስለዚህ የሚሄድ ልጅ ሲሸኝ እዚያ ማን እንዳለው ማወቅ አለብን። የአንድ ጓደኛዋ ቁጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የጎረቤት ልጅ። ክፉ ቀን ሲመጣ በዚያው ቀን የሚደርስላት ሰው። እኛ የእህቴን የሁለት ጓደኞች ቁጥር እናቴ ዘንድ በወረቀት ጽፈን አስቀምጠናል፣ ግድግዳው ላይ።

እህቴም ያን ታሪክ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው ሳይከፈት ሲቀር ድምፅዋ ይለወጣል። «ምን ሆናችኋል? ካሜራውን ክፈቱ» ትላለች። አባታችንን አስጠርታ ካላየች አትዘጋም። አባታችንም ይህን ስለሚያውቅ በጥሪው ሰዓት ከቤት አይርቅም። ጋቢውን አስተካክሎ መጥቶ ካሜራው ፊት ይቆማል። ብዙም አይናገርም። «አለሁ» ብሎ ይሄዳል።

በመደበኛው መስመር እናቴ ወደ ሪያድ ደውላ አታውቅም። ዋጋው የሚታሰብ አልነበረም። ደዋይዋ ሁልጊዜ እህቴ ናት፣ እናቴ ጠባቂ ናት። ባለፈው ዓመት ግን የታናሽ ወንድሜ ልጅ መተግበሪያውን በስልኩ ፊት ለፊት አወጣላት። የእህቴን ፎቶ አሳያት፣ አረንጓዴውን እንድትነካ አስተማራት። ታላቁ ማማ ላይም የተሻለ ኔትወርክ ስለገባ አሁን በራችን ደጃፍ ላይ ይሠራል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ እናቴ ራሷ ደወለች። እኔም ለጥየቃ ሄጄ እዚያው ነበርሁ። እህቴ ሥራ ላይ ናት። በዚያ ሰዓት ከቤት ስልክ ሲመጣ ምን እንደሚመስላት አስቡት። ስታነሳ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። ቡና እየጠጣን ነው።»

እህቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እናቴ ስልኩን ረከቦቱ ላይ አስደግፋ ሁለተኛውን ቡና መውቀጥ ቀጠለች። እህቴ ግን የሙቀጫው ድምፅ አልሰማ አላት። እኔ አጠገቡ ስለነበርሁ ነገሩ ገባኝ። ብዙ መተግበሪያዎች የሰው ንግግር ያልሆነውን ድምፅ ጫጫታ ነው ብለው ያጠፉታል። መሃንዲሶቹ የመንገድና የቢሮ ሁካታ አስበው ነው የሠሩት። ሪያድ ላለች ልጅ ግን የእናቷ ሙቀጫ፣ ደጅ ላይ የሚጮኸው ዶሮ፣ የጎረቤቶቹ ጨዋታ ጫጫታ አይደለም። እሱን ለመስማት ነው የምትደውለው። ይህን ማጥፊያ መዝጋት የሚያስችል ቅንብር ያላቸው መተግበሪያዎች አሉ። በሁሉም ላይ ቢኖር፣ በአማርኛም ቢጻፍ እወዳለሁ።

«አይሰማኝም፣ እማዬ» አለች እህቴ።

«ምኑ?»

«ሙቀጫው።»

እናቴ መውቀጡን አቁማ ካሜራውን ወደ ሙቀጫው አዞረችው። «በይ እይው» አለቻትና ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በፈለጋት ቀን ትደውላለች። ዳታዋ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። እህቴም ከፍ ያለውን ፓኬጅ እንድገዛላት ብር መላክ ጀምራለች።